ትንፋሽን መቁጠር፣ መያዝና መረዳት፦ ቤት ውስጥ የሚሞከር መመሪያ

ይህን መመሪያ ለመከተል የሚያስፈልገው ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት ወይም ስልክ፣ አንድ በርጩማና እሺ ባይ የሆነ አንድ የቤት ሰው ብቻ ነው። ጅማ ላይ በርጩማ የሚቸግረው ቤት ብዙም አይገኝም፤ ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ደግሞ መደገፊያ ስለሌላት ጀርባን ቀጥ አድርጎ ለመቀመጥ ከሶፋ ትሻላለች። ሶፋ ላይ የተጋደመ ሰው ሆዱ ስለሚታጠፍ አተነፋፈሱን አጥርቶ ማየት ያስቸግራል።

በዚህ ከተማ ባዮሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ተማሪዎቼ ከአፍንጫ እስከ አየር ከረጢቶች ያለውን መንገድ ሳይደናቀፉ ይወርዱታል፤ «ትንፋሻችሁን ስትይዙ በመጨረሻ ተንፍሱ ብሎ የሚያስገድዳችሁ ምንድን ነው?» ስላቸው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም «ኦክስጅን ስለሚያልቅብን ነዋ!» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ በአብዛኛው ስህተት ነው። ስህተትነቱም በፈተና ነጥብ የሚያስቀንስ ብቻ ሳይሆን ውሃ ውስጥና ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥ ሰው የሚገድል በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ያሉት ሙከራዎች በአብዛኛው ወደዚህ ጥያቄ የሚያመሩ ናቸው።

መቁጠር

ትንፋሽን መቁጠር ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ግን የሚቆጠርለት ሰው መቆጠሩን እንዳወቀ አተነፋፈሱ መለወጡ ነው። አንዳንዱ ያዘገየዋል፣ አንዳንዱ በረጅሙ ይስባል፣ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ይስቃል። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙባትን ትንሽ ማታለያ ይጠቀሙ። ሰውየው በርጩማው ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ከተቀመጠ በኋላ የእጁን አንጓ ይያዙና የልብ ምቱን የሚቆጥሩ ይምሰሉ፤ ዓይንዎ ግን ደረቱና ሆዱ ላይ ይሁን። አንድ መነሣትና አንድ መውረድ አብረው አንድ ትንፋሽ ናቸው። ሠላሳ ሴኮንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የተለመደ ቢሆንም፣ አንዲት የተሳሳተች ትንፋሽ ሁለት ስለምትሆን ሙሉ 60 ሴኮንድ መቁጠር ይመረጣል።

ያረፈ ጤናማ ጎልማሳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሕፃናት ከዚህ እጅግ የፈጠኑ ናቸው፤ አዲስ የተወለደ ልጅ በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ቢተነፍስ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። የሚያሳልና ትኩሳት ያለው ልጅ ቤት ውስጥ ሲኖር ግን ቁጥሩ ከባድ ትርጉም ይኖረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ባስቀመጠው መለኪያ መሠረት ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችልም በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ልጁ አየር ሲያስገባ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ቁጥሩን ጨርሶ መጠበቅ አያስፈልግም። ቆጠራው መከናወን ያለበት ልጁ ሳያለቅስ፣ ቢቻል በእናቱ ጭን ላይ እንዳለ ነው፤ የጨቅላ ትንፋሽ ደግሞ ፈጠን ብሎ ለጥቂት ሴኮንድ ቆም የማለት ጠባይ ስላለው፣ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን አንዴ 60 ከተገኘ እንደገና ቆጥሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሰው መቆጠሩን ሲያውቅ ትንፋሹ የሚለወጠው መተንፈስ ሁለት አዛዦች ስላሉት ነው። አንደኛው በፈቃዳችን የምንጠቀምበት የላይኛው የአንጎል ክፍል ሲሆን ስንናገር፣ ስንዘፍን፣ ትኩስ ሻይ ስናራግብ ሥራውን የሚይዘው እርሱ ነው። ሁለተኛው አንጎል ከአከርካሪ ሰረሰር ጋር በሚገናኝበት የአንጎል ግንድ፣ በተለይም ሜዱላ በሚባለው የግንዱ የታችኛው ክፍል ውስጥ የሚገኝ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ማንም ሳያዛቸው፣ እንቅልፍ ላይም ብንሆን፣ ተራ በተራ እየተኮሱና እየተረጋጉ የመተንፈስን ምት ይሰጣሉ። ልብ ምቱን ከራሱ ከጡንቻው ያመነጫል፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ግን ከአንጎል ትእዛዝ ካልደረሳቸው አንዲት ትንፋሽ እንኳ አይስቡም።

በእጅ መዳሰስ፣ በጠርሙስ ማየት

አሁን በጀርባዎ ይተኙና አንድ እጅዎን ደረትዎ ላይ፣ ሌላውን ከእምብርትዎ በላይ ያድርጉ። በእርጋታ ሲተነፍሱ ይበልጥ የሚነሣው ሆድ ላይ ያለው እጅ መሆኑን ያስተውላሉ። አየር ወደ ሆድ ስለገባ አይደለም፤ በደረትና በሆድ መካከል እንደ ጉልላት የተወጠረው ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ሲኮማተር ወደ ታች ስለሚወርድና የሆድ ዕቃን ስለሚገፋ ነው። ድያፍራም በጸጥታ ስንተነፍስ የሚወርደው አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያው ቅጽበት በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ደረትን ወደ ላይና ወደ ውጭ ይከፍቱታል።

ብዙ ሰው ሳንባ እንደ ወናፍ በራሱ ኃይል አየር የሚስብ ይመስለዋል። ሳንባ ግን የራሱ የመሳቢያ ጡንቻ የለውም። ይህን ከማስረዳት ማሳየት ስለሚቀል የሚከተለውን ይሥሩ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይውሰዱና ታችኛውን ክፍል በመቀስ ቆርጠው ይጣሉት። አንድ ፊኛ በጠርሙሱ አፍ በኩል ወደ ውስጥ ያንጠልጥሉና የፊኛውን አፍ ገልብጠው በጠርሙሱ አፍ ላይ ያጥልቁት። ሁለተኛውን ፊኛ ወገቡ ላይ ቆርጠው ሰፊውን ቁራጭ በተቆረጠው የጠርሙስ ቂጥ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥሩትና ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት። ከዚያ የተወጠረውን ላስቲክ መሐሉን ቆንጥጠው ወደ ታች ሲስቡት፣ ማንም ሳይነፋው ውስጥ ያለው ፊኛ ይሞላል፤ ሲለቁት ይሟሽሻል። ካልሠራ ጥፋቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ማሸጊያው ላይ ነው፤ የተቆረጠው የጠርሙስ ጠርዝ ከተንሻፈፈ አየር በዚያ ስለሚገባ ፊኛው አይንቀሳቀስም። አንድ ተማሪዬ ጠርዙን በጋለ ምጣድ ላይ ለአፍታ አስነክቶ አስተካከለው፤ ከእኔ መቀስ የእርሱ ምጣድ በለጠ።

ጠርሙሱ ላይ የታየው በደረታችን ውስጥ የሚሆነው ነው። ክፍሉ ሲሰፋ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው ያንሳል፣ አየርም ከበዛበት ወዳነሰበት ይገባል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ በጸጥታ ስንተነፍስ በሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው የሚያንሰው በአንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ያህል ብቻ ሲሆን፣ በስትሮ ውሃ ሽቅብ ለመሳብ ቢውል ውሃውን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አያስበልጠውም። በዚህ ትንሽ ልዩነት ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይገባል፤ ከዚህ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በአየር ቧንቧዎች ውስጥ ስለሚቀር ደም ዘንድ የሚደርሰው 350 ገደማ ነው። በአጭር በአጭሩ እየቆራረጡ መተንፈስ የሚያደክመው ለዚህ ነው፤ ከእያንዳንዷ ትንፋሽ 150ዋ መንገድ ላይ ስለምትቀር፣ ትንፋሹ ባጠረ ቁጥር ብክነቱ ይበዛል። አየር ማስወጣት በበኩሉ በእረፍት ጊዜ ጡንቻ አይፈልግም፤ የተለጠጠው ሳንባ እንደ ላስቲክ ወደ መጠኑ ሲመለስ አየሩ ይወጣል። የሆድ ጡንቻ የሚያግዘው ስናስል፣ ስንጮህ ወይም ስንሮጥ ነው።

ድያፍራምን የሚያዘው ነርቭ የሚነሣው ከደረት ሳይሆን ከአንገት ነው፤ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ባለው የአንገት ሰረሰር በኩል ወጥቶ ልብን ተጠግቶ ይወርዳል። በባጃጅ አደጋ አንገቱ የተጎዳ የሚመስልን ሰው ብድግ አድርጎ መሸከም የሚያስፈራውም ስለዚህ ነው። ነርቩ ከሚነሣበት በላይ ሰረሰሩ ከተጎዳ አንጎል ቢያዝም ትእዛዙ አይደርስም። አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ አምቡላንስ መጥራት ይገባል። ስርቅታም የዚሁ ጡንቻ ድንገተኛ መኮማተር ነው፤ ወዲያው የድምፅ አውታሮች ሲዘጉ ያቺ «ህቅ» የምትል ድምፅ ትሰማለች።

የሚወጣው አየር ምን እንደያዘ ማየት

የምናስገባው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 0.04 በመቶ ገደማ ነው። የምናስወጣው ግን 16 በመቶ ያህል ኦክስጅንና 4 በመቶ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። እንግዲህ ኦክስጅኑ ከሩብ በጥቂት ያነሰ ሲቀንስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መቶ እጥፍ አድጓል ማለት ነው። ይህን በዓይን ለማየት ግድግዳ የሚቀባበትን ኖራ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው ያሳድሩትና በማግስቱ ከላይ የጠለለውን ጥርት ያለ ውሃ ብቻ በብርጭቆ ይቅዱ። በስትሮ ቀስ ብለው ሲነፉበት በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደ አጓት ይደፈርሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ የኖራ ድንጋይ ብናኝ ስለሠራ ነው። የኖራ ውሃ አፍና ዓይን ስለሚያቃጥል መንፋት እንጂ መሳብ ፈጽሞ አይገባም፤ ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን አይሞክሩት። ክፍት ሆኖ የከረመ ኖራ ከአየሩ ጋር አስቀድሞ ስለተዋሐደ አይደፈርስም፤ ሙከራው ከከሸፈ ኖራውን ይለውጡ።

ትንፋሽን መያዝ

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው። ይህን ሙከራ ተቀምጠው ብቻ ያድርጉት፤ ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም አስም ያለበት ሰው ሊዘለው ይገባል። እንደ ወትሮው ተንፍሰው አየሩ ከወጣ በኋላ አፍንጫዎን ይያዙና ሰዓቱን ይጀምሩ። ጉሮሮዎ ሳይፈልግ መዋጥ ሲያምረው ወይም ድያፍራምዎ ያለ ፈቃድዎ ሲፈራገጥ የደረሱበትን ሴኮንድ ይመዝግቡና ይተንፍሱ። ሁለት ደቂቃ ካረፉ በኋላ ደግሞ በረጅሙ ስበው ሳንባዎን ሞልተው ይያዙ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ይረዝማል፤ ብዙ ሰው ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይቆያል።

አሁን ያቺን ጥያቄ እንመልስ። ትንፋሽዎን ሲለቁ በደምዎ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ገና ብዙ ነው። የሞላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሰውነት ይህን ጋዝ ሳያቋርጥ ስለሚያመነጭ መውጫ ሲያጣ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ አሲድ ስለሚፈጥርም አንጎልንና ሰረሰርን የሚያጥበውን ፈሳሽ በጥቂቱ ያኮመጥጠዋል። በሜዱላ አጠገብ ያሉ ልዩ የነርቭ ሕዋሳት ይህቺን ጥቂት ኮምጣጤነት ይቀምሳሉ ማለት ይቻላል፤ በቀመሱ ቁጥርም ምቱን ያፋጥናሉ። ጥንቃቄያቸው ያስገርማል፤ በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በተለምዶ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ሲሆን፣ ወደ 45 ቢያድግ በደቂቃ የምንተነፍሰው አየር ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ኦክስጅን በዚያው መጠን ቢቀንስ ግን ማንም አያስተውለውም። ለመደበኛ አተነፋፈስ ሚዛኑን የሚጠብቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ብሪታንያውያን አጥኚዎች የሆኑት ጆን ስኮት ሃልዴንና ጆን ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል።

ነገሩ ሙሉ በሙሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ የሚወሰን ነው ለማለት ግን አልደፍርም። ትንፋሹን ይዞ መጨረሻው ላይ የደረሰ ሰው የራሱኑ ያረጀ አየር መልሶ ጥቂት ጊዜ ቢተነፍስ፣ ደሙ ውስጥ ያለው ነገር ሳይሻሻል ስሜቱ ቀለል ብሎት እንደገና መያዝ ይችላል። ይህም የሳንባና የደረት መንቀሳቀስ ራሱ ለአንጎል የሚያረጋጋ መልእክት እንደሚልክ ያሳያል። ሳንባ ሞልቶ መያዝ ባዶ ሆኖ ከመያዝ የሚረዝመው በከፊል ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ወንዝና መዋኛ የሚወርዱ ልጆችን ይመለከታል። ልጆች ውሃ ውስጥ ረጅም ለመቆየት ሲወራረዱ ከመጥለቃቸው በፊት ቁና ቁና እየተነፈሱ «ኦክስጅን መሙላት» ይላሉ። ጤናማ ሰው በእርጋታ ሲተነፍስም ደሙ በኦክስጅን የተሞላ ያህል ስለሆነ በዚህ የሚጨምረው ኦክስጅን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠረጉ ነው። ልጁ ሲጠልቅ «ተንፍስ» የሚለው ደወል ከሩቅ መነሻ ስለሚጀምር ይዘገያል፤ ደወሉ ሳይደውል ኦክስጅኑ ያልቅና ምንም ጭንቅ ሳይሰማው ውሃው ውስጥ ራሱን ይስታል። ዋና የሚችሉ ጎበዞች ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ የሚሞቱበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ስለዚህ ከመጥለቅ በፊት አፋጥኖ መተንፈስን መከልከል፣ ትንፋሽ የመያዝ ውድድርንም በውሃ ውስጥ ጨርሶ አለመፍቀድ ይገባል።

ከሰልና ዝም የሚለው ደወል

ሰውነት ኦክስጅንንም ይለካል፤ መለኪያው ያለው ግን አንጎል ውስጥ ሳይሆን አንገት ላይ ነው። ከመንጋጋ ሥር የልብ ምት በሚዳሰስበት ቦታ፣ ወደ ራስ የሚወጣው ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት አካባቢ፣ በግራና በቀኝ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሥጋ አለች። የቤልጅጉ ሐኪም ኮርኔይ ሃይማንስ እ.ኤ.አ. የ1938ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህቺ አካልና በትልቁ ደም ቅዳ ላይ ያሉት መሰሎቿ ትንፋሽን እንዴት እንደሚቆጣጠሩ በማሳየቱ ነው። ይህቺ መለኪያ የምትነቃው ዘግይታ ነው። በደም ቅዳ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ወለል ከሚኖረው 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ወርዶ 60 አካባቢ እስኪደርስ እምብዛም አትጮህም።

የምትለካውም በደም ፈሳሽ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ግፊት እንጂ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው የኦክስጅን ተሸካሚ፣ የተሸከመውን ጠቅላላ መጠን አይደለም። ይህ ዝርዝር የመማሪያ መጻሕፍት ወሬ ይመስላል፤ ከሰል ሲመጣ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ከሰል አየር በደንብ በማያገኝበት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሄሞግሎቢንን ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። የኦክስጅን መቀመጫዎች አንድ በአንድ ሲወሰዱ፣ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ግፊት ግን እንደነበረ ስለሚቆይ የአንገቷ መለኪያ ምንም አልጎደለም ብላ ዝም ትላለች። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም እንደወትሮው ስለሚወጣ የሜዱላው ደወልም አይደውልም። ሰውየው ትንፋሽ አያጥረውም፣ ቁና ቁናም አይተነፍስም፤ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይዝላል፣ ይተኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ዝናብ አንድ ምሽት ቤታችን ውስጥ ቡና ተፈልቶ ነበር። ብርድ ስለነበረ ከሰሉ ሳይወጣ ማንደጃው ረከቦቱ አጠገብ ቀረ፤ በሩ ተዘጋ፣ ከበሩ ሥር ነፋስ እንዳይገባ ጨርቅ ተወተፈ። በረካው ላይ ስንደርስ ራሴን ፈለጠኝ። ጅማ ላይ ራስ ምታት አንድ ምክንያት ብቻ አለው፤ ቡና አልጠጣህም ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ስኒ ተጨመረልኝ። ታናሽ ልጄ ድንገት ሲያስመልሰው ነው በሩን የከፈትነው፤ ውጭ ወጥተን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሁላችንም ራስ ምታት መቅለል ጀመረ። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ሄሞግሎቢን ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

እንግዲህ የሚደረገው ይህ ነው። ከሰል ሁልጊዜ ውጭ ይቀጣጠል፤ ቡና ሲቆላና ሲፈላ ቢያንስ በርና መስኮት ተቃራኒ ሆነው ክፍት ይሁኑ፤ ቡናው እንዳበቃ ማንደጃው ይውጣ፤ በተኛንበት ክፍል ግን አመድ የለበሰ ፍም እንኳ አይደር፤ አመድ የለበሰው ፍም የሚያጨሰው ባይኖርም ጋዙን ይለቃልና። አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ሲወጡ ከተሻላቸው ከሰሉን ይጠርጥሩ። ራሱን የሳተ፣ የተደናገረ ወይም የሚያስመልሰው ሰው ካለ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል፤ በተራ አየር ጋዙ በግማሽ ለመውጣት አራት አምስት ሰዓት ሲወስድበት በንጹሕ ኦክስጅን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጊዜ ማመን አይገባም፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተሞላውን ደም ኦክስጅን እንደተሞላ ቆጥራ ጥሩ ቁጥር ታሳያለች። ለጤና ባለሙያው ከሰል እንደነበረ ራስዎ ይንገሩት።

ወደ ጅሬን ሽቅብ

ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየር ግፊቷ ባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ጥቂት ያልፋል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም 21 በመቶ ነው፤ የቀነሰው ጠቅላላ ግፊቱ ነው። ይህ ከፍታ የአንገቷን መለኪያ አጥብቆ ለመቀስቀስ ስለማይበቃ ከጋምቤላ የመጣ እንግዳ እንኳ ልዩነቱን በጭራሽ ላያስተውለው ይችላል። 4,377 ሜትር ወደሆነው የባሌው ቱሉ ዲምቱ ቢወጣ ግን መለኪያዋ ትጮሃለች፤ እርሱም ተቀምጦም ቢሆን አብዝቶ ይተነፍሳል። አብዝቶ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚጠረግ የሜዱላው ደወል በተቃራኒው «በቃህ» ይለዋል፤ ሁለቱ የሚስማሙት ኩላሊት በቀናት ውስጥ የደሙን ሚዛን ሲያስተካክል ነው። ወደ ከፍታ ቀስ ብሎ መውጣትና ማደር የሚመከረው ለዚህ ነው።

የአካል እንቅስቃሴን ለመሞከር ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው የጅሬን ዳገት ይበቃል። ከዳገቱ ሥር ቆመው ትንፋሽዎን ያስቆጥሩ፤ ከዚያ ፈጠን ብለው ለአምስት ደቂቃ ይውጡና እንደቆሙ እንደገና፣ በኋላም በየደቂቃው ያስቆጥሩ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ትንፋሽ የሚፈጥነው ገና በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ነው፤ ያኔ ደም ውስጥ ምንም ለመለወጥ ጊዜ አላገኘም። እግርን ተንቀሳቀስ ብሎ የሚያዘው የአንጎል ክፍል በዚያው ቅጽበት ለመተንፈሻው ማዕከልም ያሳውቃል፤ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያም መልእክት ይመጣል። በመጠነኛ እንቅስቃሴ ትንፋሽ ብዙ እጥፍ ቢያድግም የደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቦታው ብዙም የማይነቃነቀው ስለዚህ ነው። በእረፍት በደቂቃ ስድስት ሊትር አየር የሚበቃው ሰው ሲሮጥ ከ100 ሊትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ሲወጡ ከጓደኛዎ ጋር ሳይቆራረጡ ማውራት ከቻሉ ልኩ ደህና ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ከተበጠሰ ፍጥነትዎን ይቀንሱ።

ድንጋጤ ሲያፋጥነውና እንቅልፍ ሲረከበው

በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ሳያስፈልግ ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከልክ በላይ ስለሚያወጣ የአንጎሉ ደም ስሮች ይጠባሉ፤ ያዞረዋል፣ ከንፈሩና ጣቶቹ ይነዝሩታል፣ አንዳንዴም ጣቶቹ ይኮማተራሉ። አየር የጎደለው ስለሚመስለው የበለጠ ይስባል፣ የበለጠ ሲስብ የበለጠ ይነዝረዋል። አጠገቡ ያለ ሰው «በረጅሙ ሳብ» ሊለው አይገባም። «ቀስ ብለህ አውጣ» ይበለው። በአፍንጫ ለአራት ቁጥር አስገብቶ፣ ከንፈርን ሰብስቦ ትኩስ ቡና እንደሚያቀዘቅዝ ለስድስት ወይም ለስምንት ቁጥር ማስወጣት ለጥቂት ደቂቃ ያህል ሲደጋገም አብዛኛውን ጊዜ ይበርድለታል። በወረቀት ከረጢት ማስተንፈስ ድሮ ይመከር የነበረ ቢሆንም ሰውየው አስም ወይም የልብ ሕመም ይዞት ከሆነ ሊጎዳው ስለሚችል ይቅር። የደረት ሕመም፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ወይም የከንፈር መጥቆር ካለ ነገሩ ድንጋጤ ነው ብሎ ሳይደመድሙ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

መጨረሻ የሚቆጠረው የተኛ ሰው ነው፤ የላይኛው አዛዥ ሥራውን ለታችኛው ስላስረከበ በጣም ንጹሑ ቁጥር የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ሰውየው እንቅልፍ ከወሰደው ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራት ሳያበሩ የደረቱን መነሣት እያዩ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩና ቀን ከቆጠሩት ጋር ያስተያዩት። የሚያንኮራፋ ሰው ከሆነ ጆሮዎን ማንኮራፋቱ ላይ ሳይሆን ማንኮራፋቱ ሲቋረጥ በሚመጣው ጸጥታ ላይ ያድርጉ። ደረቱና ሆዱ እየተንፈራገጠ አየር ሳይገባ ከ10 ሴኮንድ በላይ ከቆየና ከዚያ በድንገት አንኮራፍቶ ቢስብ፣ ጉሮሮው በእንቅልፍ እየተዘጋ ነው ማለት ነው። ይህ በሌሊቱ የሚደጋገም ከሆነ፣ ቀን ላይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ከሆነ፣ ያዩትን በስልክዎ ቀርጸው ከነሴኮንዱ ለሐኪም ያሳዩለት፤ የተኛው ሰው ራሱ ስለማያስታውሰው።